አሥራ አንድ ፖስታ ላባ

ጡረታ መውጣት ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ዕድሜ ይሞላል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኔ ግን ክሊራንሱ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቤተ መጻሕፍቱ ከሃያ ዓመት በፊት የመለስኩትን መጽሐፍ አልመለስክም አለኝ። ጋራዡ ደግሞ በዕድሜዬ መኪና ነድቼ የማላውቀውን ሰውዬ የጎማ መፍቻ አስረክብ አለኝ። ከሁሉ የባሰው የናሙና ክፍሉ ርክክብ ነበር። የምትረከበኝ ወይዘሮ በዝርዝሩ መሠረት ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳች አየች፤ ሚዛን፣ ወረንጦ፣ ማድረቂያ፣ ጠርሙስ። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ ከፈተች። የቁራ ላባ ያለባቸው ቡናማ ፖስታዎች ነበሩ። አገላብጣ አየቻቸውና አንዳንዶቹ ጥጋቸው ላይ የእርሳስ ነጥብ ያለባቸው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እርሳስ ነክቷቸው ይሆናል አልኳት። ፈረመች።

ውሸቴን ነው። ነጥቦቹን ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ናቸው፤ ይህን የምጽፈውም በእነሱ ምክንያት ነው።

የተወለድኩት ሉማሜ ነው። በደርግ ጊዜ የገበሬዎች ማኅበር ሱቅ ዕቃ ጠባቂ ነበርኩ፤ መንግሥት ሲለወጥ ሱቁ ተዘጋና ሥራ ፈታሁ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ያለ አንድ የምርምር ጣቢያ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል። በዚያ ሱቅም በዚህ ግምጃ ቤትም የተማርኩት ዋና ነገር አንድ ነው፤ ጎዶሎ ዕቃ አትረከብ፣ ጎዶሎ ዕቃ አታስረክብ። መጋዝ እጀታ ከሌለው ከሌላ መጋዝ ፈትተህ ትገጥምለታለህ፣ የዕቃ መረከቢያው ሞዴል 19 ላይ «ሙሉ» ብለህ ትጽፋለህ፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ በዚህ ላይ አንድ የራሴ ልማድ ነበረችኝ። እንዲህ ጠጋግኜ ሙሉ ያደረግሁትን ዕቃ በኋላ እንዳልረሳው ጥጉ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርግበት ነበር።

በሥራ ዘመኔ አራት ኃላፊዎች ተፈራርቀውብኛል። የመጀመሪያው ስብሰባ ይወዱ ነበር፣ ሁለተኛው ከነጭራሹ ቢሮ አይገቡም ነበር። ሦስተኛው ግን ቅጽ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ሞተው አይፈርሙም። ወንደላጤው ሾፌራችን የዓመት ፈቃድ ሲጠይቅ «የባለቤት ስም» የሚለውን ባዶ ቢተወው መለሱበት፤ በመጨረሻ የእናቱን ስም ጽፎ ነው ፈቃዱ የወጣለት። ይህን እንደ ቀልድ ስናወራው ኖርን። እኔንም በዚያው መንገድ እንደሚያገኙኝ አላሰብኩም ነበር።

ከግምጃ ቤት ወደ አፈር ላብራቶሪ የተዛወርኩት ሚዛን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነው። የማውቀው የስኳርና የጨው ሚዛን ነበር። ቢሆንም ዓመታት አፈር ስነፋ፣ ሳደርቅና ስመዝን እጄ ተፍታታ። ዶክተር ሰናይት የሚባሉ ተመራማሪ ከአዲስ አበባ የመጡት ይህን ጊዜ ነው። የፈለጉት አፈር አይደለም፤ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነውን የደጋውን ቁራ ነው። ቁራው ምን እንደሚበላ ከላባው አውቃለሁ አሉ። የጣቢያው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ስሜ ላባ ለቃሚው ሆነ።

ነገሩን ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ እግዜር ይወቀው፤ እዚህም ልሞክረው። ካርቦን የሚባለው ነገር ቀለል ያለም ከበድ ያለም ዓይነት አለው። እነዚህን አይሶቶፕ ይሏቸዋል፤ የማይፈርሱ፣ ጨረር የሌላቸው፣ ማንንም የማይጎዱ ናቸው። በቆሎና ጤፍ ከስንዴ፣ ከገብስና ከባቄላ ይልቅ ከበድ ያለውን ካርቦን አብዝተው ይይዛሉ። ናይትሮጅንም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ በላተኛው ወደ ሥጋ ባዘነበለ ቁጥር ከባዱ ይበዛል። ላባ አንዴ አድጎ ካበቃ የሞተ ነገር ነው፤ ሲያድግ ወፏ የበላችው ውስጡ ይቀራል፤ የክንፉ፣ የጅራቱና የደረቱ ላባም የሚያድገው በተለያየ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቁራ ሦስት ላባ፣ አንድ ከክንፍ፣ አንድ ከጅራት፣ አንድ ከደረት ወስደህ ብትመረምር፣ ያቺ ቁራ ከቄራ ሥጋ የምትኖር ትሁን ከእርሻ እህል፣ ወይም ሦስቱ ካልተስማሙ ሁሉንም የምትቀማምስ መሆኗን ታውቃለህ። ይህን ሁሉ ለጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አስረድቼ ስጨርስ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ቁራ ይጾማል ወይ?

አሁን ወደ ጋሽ ዋሴ ልምጣ። ጋሽ ዋሴ የይጁቤ ሰው ናቸው። በመዝገብ ያላቸው መጠሪያ የመስክ ረዳት ነው፤ ዲግሪ የላቸውም፣ ዲፕሎማም የላቸውም። ግን የማርቆስን ቁራዎች ከእኔ መቀጠር በፊት ጀምሮ ሲመለከቱ የኖሩ ናቸው። እያንዳንዱ ቁራ የራሱ ሙያ አለው ይሉ ነበር። አንዱ የቄራ ነው፣ አንዱ ከሞፈር ኋላ እየተከተለ ትል የሚለቅም ነው፣ አንዱ የበረት ነው፣ እበት እየበተነ ጢንዚዛ የሚያወጣ፣ አንዱ የአውድማ ነው። የመጡት ምሁራን ሁሉ ሰምተው ፈገግ ብለው ይተውታል፤ ቁራ ያገኘውን ይበላል ይላሉ። ዶክተር ሰናይት ብቻ ደብተር አውጥተው ጻፉት፣ እንፈትነው አሉ። ጋሽ ዋሴ ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ እስከ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ያሉትን ሰው ሊሰማላቸው ነው።

እንደ እሳቸው ሠራተኛ አላየሁም። መረቡን ሲዘረጉ አይቸኩሉም። ቁራ ሞኝ አይደለም፤ ትናንት ያልነበረ ጉቶ ካየ አይወርድም። ስለዚህ መረቡን ከማጥመዳቸው ከሳምንት በፊት እንጨቱን ብቻ ተክለው ይተዉታል። ወፏ ከተያዘች በኋላ ዐይኗን በጨርቅ ይሸፍናሉ፣ በሁለቱ እግሮቿ ባለቀለም ቀለበት ያስገባሉ። ቀለሙን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ እኔም ደግሜ እላለሁ፣ ከዚያ ነው የሚጻፈው። ወረንጦውን በአልኮል ጠርገው አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ ደግመው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በፊት አልደረቀም ይላሉ። ሰዓት ነበራቸው፣ ግን ለዚህ አያዩትም። ላባ ከጠፋ፣ ነፋስ ከወሰደው፣ ወይም ወፏ ነክሳ ካመለጠች፣ ፖስታው ላይ «ሁለት» ብለው ይጽፉና ያሽጋሉ። እኔ እየከነከነኝ እንፈልገው እላለሁ። ተወው፣ የሌለ የለም ይላሉ።

የላብራቶሪው ሥራ የእኔ ነበር። ላባውን በክሎሮፎርምና በሜታኖል ቅልቅል አጥባለሁ፤ ቅባቱ ካልወጣ ውጤቱ ይበላሻል። አደርቃለሁ፤ ማድረቂያው ግማሽ ሲደርስ መብራት ይጠፋል፤ እንደገና አደርቃለሁ። ከዚያ በመቀስ እንደ ትምባሆ አድቅቄ፣ ከሽምብራ ፍሬ በምታንስ የቆርቆሮ ኩባያ ውስጥ ከአንድ ሚሊግራም ያነሰ መዝኜ አጥፋታለሁ። ይህን ስሠራ ትንፋሼን መያዝ አለብኝ። በር ላይ «አይግባ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌ ነበር። የሚገባው ሰው ምን እንደሚል ልንገራችሁ? «አይግባ የሚለውን አይቼ ምን ሆኖ ነው ብዬ ገባሁ» ይላል። የመዘንኩት በነፋስ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ላባ ግማሹን አስቀርተን ፖስታው ውስጥ እንተው ነበር፤ ያቺ ካርቶን የዚያ ቅሪት ናት።

ከመስቀል በኋላ ባሉት ወራት በጠቅላላው ሃያ ስድስት ቁራ ያዝን። ታኅሣሥ ላይ የጋሽ ዋሴ ጉልበት ታመመና ይጁቤ ሄደው ተኙ። የቀሩትን እኔ ከአንድ የቀን ሠራተኛ ጋር ያዝኩ፤ እኔ እንደ እሳቸው አልነበርኩምና ብዙ ላባ አመለጠኝ። በመጨረሻ አሥራ አንድ ፖስታ ሁለት ሁለት ላባ ብቻ ይዞ ቀረ። ፖስታዎቹ ላይ እንደተማርኩት «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የመላኪያውን ቅጽ ይዤ ወደ ሦስተኛው ኃላፊ ገባሁ።

ቅጹን አዩት። በዕቅዱ ከእያንዳንዱ ወፍ ሦስት ላባ ይላል፤ ይህ ጎዶሎ ነው፤ አሟልተህ ተመለስ አሉኝ። ወፎቹ ተለቀዋል አልኳቸው። «አሟላ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። መኪናው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከነገ ወዲያ ነው፤ ያ ካመለጠ ወሩ ያልፋል። ለዶክተር ሰናይት መደወል እችል ነበር። ይጁቤ ሰው መላክ እችል ነበር። ምንም አላደረግሁም። ቁራዎቹ ከሚሰፍሩበት ባሕር ዛፍ ሥር የለቀምነው ላባ በጆንያ ነበር። ከዚያ አሥራ አንድ መረጥኩ፣ አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ መዘንኩ፣ ከየፖስታው ላይ «ሁለት» የሚለውን ፋቅሁ። ቁራ ያው ቁራ ነው አልኩ ለራሴ። በየፖስታው ጥግም ነጥብ አደረግሁ። ቅጹ ሙሉ ሆነ፤ ኃላፊው ፈረሙ፣ እጄንም ጨበጡኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ አልገባኝም ነበር ወይ? ጠቅላላው ሥራ የአንዷን ወፍ ላባ ከዚያችው ወፍ ላባ ጋር ማስተያየት እንደሆነ ለሰው ሁሉ የማስረዳው እኔ አይደለሁም? ገብቶኝ ነበር። ግን እጄ የግምጃ ቤት እጅ ነው። ባዶ ቦታ ሲያይ ያስጨንቀዋል።

ላባው ከማርቆስ አዲስ አበባ በአንድ ቀን ደረሰ። ከአገር ለመውጣት ግን ስምንት ወር ፈጀበት። አንዱ መሥሪያ ቤት የዶሮ ላባ ካልሆነ ቅጽ የለንም አለ። ሌላው አይሶቶፕ የሚለውን ቃል ሲያነብ ጨረር መስሎት ደንግጦ ወደ ሌላ መራው፤ ያ ሌላው ደግሞ ጨረር የለውም ብሎ መለሰው፣ ጨረር የለውም የሚል ማረጋገጫ ግን አልሰጥም አለ። በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ልናገር የምችልበት ቀን ስንት ነበር። ጋሽ ዋሴ ድነው ተመልሰው በየሳምንቱ መልስ መጣ ወይ ይሉኝ ነበር።

መልሱ ከዓመት በላይ ቆይቶ መጣ። ዶክተር ሰናይት ወረቀቱን ይዘው ሰበሰቡን። የብዙዎቹ ወፎች ሦስት ላባዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም አሉ። በአማካይ ሲታይ በአንዷ ወፍ ላባዎች መካከል ያለው ልዩነት በወፎች መካከል ካለው አያንስም፤ ስለዚህ የማርቆስ ቁራ ሙያ የለውም፣ ሁሉንም ይበላል። እያዘኑ ነው የተናገሩት፤ ጋሽ ዋሴን ይወዷቸው ነበር።

ጋሽ ዋሴ ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው ወደ ታች ሄዱ። «ይህች ቀይ በቀይ ናት» አሉ። «ከቄራው አጥር ወጥታ አታውቅም። በፍልሰታ ቄራው ሲዘጋ እንኳ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። እንዴት ነው የጅራቷ ላባ በቆሎ የሚለው?»

«ጋሽ ዋሴ፣ እርስዎ ሁልጊዜ አብረዋት አልነበሩም» አሉ ዶክተር ሰናይት። «ላባው ግን ሁልጊዜ አብሯት ነበር።»

ጋሽ ዋሴ ወደ እኔ ዞሩ። የጠየቁኝ በጥርጣሬ አልነበረም፤ ይመሰክርልኛል ብለው ነው።

«ፖስታዎቹን ያሸግሃቸው አንተ ነህ፣ ጌትነት። ልክ ነበሩ?»

«ልክ ነበሩ» አልኩ።

«እንግዲያው ዐይኔ ነው» አሉና ወረቀቱን አጥፈው መለሱ።

ዘገባው በዚያው ወጣ። ኃላፊው አጋጣሚውን አላሳለፉትም፤ የመስክ ምልከታ በሳይንስ ስላልተደገፈ የመስክ ረዳት አያስፈልግም ብለው ጋሽ ዋሴን በር ላይ የእንግዳ መዝጋቢ አደረጓቸው። ጡረታቸው እስኪደርስ ሦስት ዓመት በዚያ በር ላይ ተቀመጡ። በጠዋት ስገባ ተነስተው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ ያ ከስድብ የከፋ ነበር። መጀመሪያ ያልተናገርኩት ፈርቼ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ። በኋላ ፍርሃቱ ሄደና እፍረቱ ቀረ። ናሙና ክፍሉ ለእኔ ሲሰጠኝ የማሠለጥናቸውን ሁሉ ባዶውን ባዶ ተዉት እያልኩ አስለቀስኳቸው። ጌትነት ጥንቁቅ ነው ይሉኝ ጀመር። ምስጋና እንደዚያ ሲያቃጥል አላየሁም።

ክሊራንሱ ባለቀ ማግሥት የውጤቱን ወረቀት ግልባጭ አውጥቼ ነጥብ ያለባቸውን አሥራ አንዱን ወፎች ሰረዝኩ። አሥራ አምስት ቀሩ። የአሥራ አምስቱም ሦስት ሦስት ላባዎች ተስማምተዋል፤ አንዷ ሥጋ ከሆነች ሦስቱም ሥጋ፣ በቆሎ ከሆነች ሦስቱም በቆሎ። ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀብኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሳልሠራው የቀረሁት የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ለዶክተር ሰናይት ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። በጽሑፍ ላክልኝ፣ ዘገባው በስሜ ስለወጣ የማርመውም እኔ ነኝ አሉ። ከዚያ ጋሽ ዋሴ ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያውቁም ስላቸው፣ ከእኔ በፊት ለእሳቸው መንገር ነበረብህ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ወደ ይጁቤ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት አስቀመጠኝ። ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ ሾፌሩ ምሳ ሄደ። ለአንድ ጊዜ እንኳ አልተበሳጨሁም፤ ቢቀር ደስ ባለኝ።

ጋሽ ዋሴ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በድምፄ ነው ያወቁኝ። ልጃቸው በርጩማ አመጣችልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ከቅጹ ጀምሮ እስከ ጆንያው፣ ከጆንያው እስከ «ልክ ነበሩ» ያለውን ሁሉ ተናገርኩ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«ስንት ናቸው?» አሉ ስጨርስ።

«አሥራ አንድ።»

«ቀይ በቀይ አለችበት?»

«አለችበት፣ ጋሼ።»

ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የቀሩትን አንብብ» አሉ።

ወረቀቱን አወጣሁና «አረንጓዴ በቢጫ» ብዬ ጀመርኩ። ቁጥሩን ከመጥራቴ በፊት እጃቸውን አነሱ። እሷ የበረት ናት፣ የግራ ክንፏ ትንሽ ይወርዳል አሉ። አነበብኩ፤ ልክ ነበር። ሰማያዊ በነጭ የአውድማ ነው አሉ፤ ልክ ነበር። እንዲህ እያልን ሄድን፤ እኔ ቀለም እጠራለሁ፣ እሳቸው ሙያውን ይናገራሉ፣ እኔ ቁጥሩን አነባለሁ። አንዱን ብቻ የእርሻ ነው ብለውት ሥጋ ሆነ። እሱን ተሳስቻለሁ አሉ፣ ቅር ሳይላቸው። አሥራ አራቱ እሳቸው እንዳሉት ነበሩ። ስጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው አስነበቡኝ። በሁለተኛው ጊዜ አላቋረጡኝም፤ አገጫቸውን ከዘራው ላይ አድርገው ብቻ ሰሙ።

«በር ላይ በነበርኩ ጊዜ» አሉ በኋላ፣ «ቁራ ሲመጣ ፊቴን አዞር ነበር። የማየውን አላምነውማ። አሁን ልመነው ብል ደግሞ አላይም።»

ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ማዘኔን ብነግራቸው ለማን እንደሚጠቅም አልታየኝም። ልጃቸው ምሳ አቀረበች። እሳቸው ብላ አላሉኝም፣ ሂድም አላሉኝም።

በዚህ መካከል ከአጥሩ ባሻገር ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ቁራ ጮኸ። ጋሽ ዋሴ ቀና አሉ። እግሩ ላይ ቀለበት አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ተመለከትኩና የለውም አልኳቸው።

«እውነትህን ነው?» አሉ።

ከቆምኩበት ሆኜ መልስ ለመስጠት አልደፈርኩም። አጥሩን ዞሬ ዛፉ ሥር ሄድኩ፣ አንገቴን አቅንቼ ቁራው እግር እስኪለውጥ ጠበቅሁ። ግራውን አየሁ፣ ቀኙንም አየሁ። ከዚያ ተመልሼ መጥቼ፣ እፊታቸው ቆሜ፣ በሁለቱም እግሩ ምንም የለውም አልኳቸው።